የሚንቀጠቀጥ መሪ፦ የላዳ ዘመን ጋራዥ ትዝታ

የአዲስ አበባን ያለፉ አሥርት ዓመታት የሚያስታውስ ሰው ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን ላዳ ሳያነሳ አያልፍም። ስለ ላዳ የሚወሳው ትዝታ ግን አብዛኛው የተሳፋሪው ነው፤ የጠበበው የኋላ ወንበር፣ በጉልበት የሚዘጋው በር፣ ከሾፌሩ ጋር የሚደረገው የዋጋ ክርክር። የመካኒኩ ትዝታ እምብዛም አይጻፍም። ከዚያ ካልተጻፈው ትዝታ አንዱን ብቻ ልለይና ፍሬን ሲያዝ መሪዋ የሚንቀጠቀጥን አሮጌ መኪና የዚያ ዘመን ጋራዥ እንዴት ይመረምር እንደነበር ላንሳ። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ ዕቃ ብልሽት ብቻ ይመስላል። በውስጡ ግን ሙያ ምን እንደሆነና ምን ሲጎድለው ሙያነቱን እንደሚያጣ የሚያሳይ ነገር አለ። ክርክሬ ይህ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣ ንዝረት ጉዳቱ ዲስኩ ላይ ቢታይም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዲስኩ ውጭ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከመቀየር በፊት ዲስኩን ምን እንዳበላሸው መጠየቅ ግድ ይላል። ይህን ልማድ ላዳና የዘመኗ የመለዋወጫ እጥረት አስተምረውን ነበር፤ ላዳ ከጎዳና ስትወጣ ልማዱም አብሯት መውጣት የለበትም።

መኪናዋ ራሷ ለትምህርት የተመቸች ነበረች። የመጀመሪያዋ ላዳ በ1970 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ መመረት ስትጀምር መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። ሶቪየቶች ለመጥፎ መንገድ እንድትመች ብዙ ነገር ለወጡባት፤ ከለወጡት አንዱ ፍሬኗ ነው። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው፤ ላዳ ከፊት ዲስኩን ይዛ ከኋላ ወደ ታምቡር ተመለሰች፤ ታምቡር ጭቃና አቧራን የተሻለ ይችላልና። ከፊት ያለው ዲስክ አየር ማስገቢያ ክፍተት የሌለው ድፍን ብረት ሲሆን አዲስ ሳለ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ከ9 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ መጣል አለበት። ካሊፐሩ በዲስኩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ፒስተን ይዞ በቦታው የታሰረ ነው። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ የሚሽከረከረው በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ ጥብቀታቸውንም መካኒኩ በዳዶ ያስተካክላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ኩሽኔታው በእጅ የሚስተካከል ስለሆነ የላዳ መካኒክ ጎማ በፈታ ቁጥር ሞዞውን መፈተሽ ነበረበት፤ ሞዞውን ሲፈትሽ ደግሞ ዲስኩ ምን ላይ እንደተቀመጠ ያያል። የመኪናዋ አሠራር ራሱ እጁን ወደ ምክንያቱ ይመራው ነበር።

ንዝረቱ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይታወቅ ምርመራው አይገባም። ፍሬን ሲያዝ ሁለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ከሆነ የመያዝ ኃይሉም እኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ ወፍሮ ሌላ ቦታ ላይ ከሳሳ ግን ወፍራሙ ክፍል በሸራዎቹ መካከል ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፣ ስሱ ሲያልፍ ይቀንሳል። ይህ በጎማው ዙር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። የላዳ ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ያህል ስለሆነ መኪናዋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። መሪው ላይ የሚደርሰው ምት የዚህን ቁጥር ተከትሎ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። የሚያስገርመው የልዩነቱ ማነስ ነው። ከ0.02 ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ ማለትም የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ሲሶ የሚያህል ልዩነት እጅ ላይ ሊሰማ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ዓይን አያየውም፤ ዲስኩን ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ ‹‹ተጣሟል›› የሚል ሰው ያላየውን ነገር ነው የሚናገረው።

‹‹ዲስኩ ተጣሟል›› የሚለው ፍርድ በዓለም ሁሉ ጋራዥ የሚሰማ ነው፤ የሚከራከሩትም በየቦታው ተነሥተዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሌ ማን ውድድር ከፎርድ ጂቲ40 ቡድን ጋር የሠራው አሜሪካዊው የእሽቅድምድም መሐንዲስ ካሮል ስሚዝ በዚህ ጉዳይ ላይ የታወቀ ጽሑፍ ትቷል። እሱ እንደሚለው ተጣመመ የተባለ ዲስክ ሲመረመር የሚገኝበት ብዙውን ጊዜ የብረት መጣመም ሳይሆን ከሸራው ተላቆ ፊቱ ላይ ያለ እኩልነት የተለጠፈ ቅሪት ነው። ዲስክ በጣም ግሎ ሳለ ሾፌሩ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሸራው ባረፈበት ቦታ ላይ ማኅተሙን ይተዋል። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የዲስኩ ብረት ራሱ በዚያ ቦታ ተለውጦ ከአካባቢው ይጠነክራል። ጠንካራው ቦታ እንደሌላው አይበላምና ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ከሙቀት ጋር አይገናኝም። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ ሲዞር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ እንኳ በእያንዳንዱ ዙር አንዱን ጎኑን ከሸራው ጋር ያሻሸዋል። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማው 550 ጊዜ ያህል ስለሚዞር በ5,000 ኪሎ ሜትር ያ ቦታ ከ2.7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይነካል። እንዲህ እየተላጠ ነው ውፍረቱ የሚለያየው። እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ዲስኩ ላይ የሚታየው ጉዳት ውጤት ነው፤ ምክንያቱ በአንዱ የአነዳድ ልማድ ወይም የሸራ ጥራት፣ በሌላው የዲስኩ አቀማመጥ ነው።

የላዳ ዘመን ምርመራ የሚጀምረው ክሪክ ከመነሣቱ በፊት፣ በጥያቄ ነበር። መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው? ፍሬን ሳይያዝም አለ ወይስ ሲያዝ ብቻ? ጠዋት በቀዝቃዛው ወይስ ቁልቁለት ከወረደች በኋላ? እጅህ ላይ ነው የሚሰማህ ወይስ ወንበርህ ላይ? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ በር ይዘጋል፣ አንድ በር ይከፍታል። ፍሬን ሳይያዝ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የጎማ ባላንስ ወይም የተጎዳ ቸርኬ ነገር ነው፤ ፍሬኑ በከንቱ ይወቀሳል። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና ፔዳሉ የሚመቱ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኋላ ታምቡር ይሄዳል። ይህን ለማረጋገጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ነበር፤ ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን አዝራሩን እንደጫኑ ቀስ አድርጎ መሳብ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነውና ንዝረቱ በዚያን ጊዜ ከመጣ ክብነቱን ያጣ ታምቡር አለ ማለት ነው፤ ካልመጣ ምርመራው ወደ ፊት ይዞራል። አሮጌዎቹ መኪኖች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ስለሌላቸው የፔዳል ምት ‹‹የሲስተሙ ጠባይ ነው›› ተብሎ የሚታለፍበት ምክንያት አልነበረም። ፔዳሉ ከመታ አንድ የሚዞር ነገር ክብነቱን ወይም እኩልነቱን አጥቷል።

ከጥያቄ በኋላ እጅ ነበር። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በማይነቃነቅ ድጋፍ ላይ ካረፈች በኋላ መካኒኩ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቀንቀዋል። ልል ከተሰማው አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ልሉ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ከሞዞው ባሻገር ያለው ቦል ጆይንት ነው። ይህች ትንሽ ዘዴ፣ ማለትም ፍሬኑን ራሱን መመርመሪያ አድርጎ መጠቀም፣ በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ብልህ ነገሮች አንዷ ናት። የኩሽኔታው ማስተካከያ ደግሞ ስሜትንና ልክን አብሮ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ዳዶው በመጀመሪያ በ20 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል፤ ሞዞው ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ኩሽኔታዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ። ከዚያ ዳዶው ይላላና እንደገና በ7 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል። በመጨረሻም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚፈለገው ልል ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ሲጠብቅ ግራሶው ግሎ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ከዚህ ሲላላ ዲስኩ በሸራዎቹ መካከል ይዋልላል፣ ፒስተኖቹን እየገፋ ይመልሳቸዋል፣ ፔዳሉ ይረዝማል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ኩሽኔታው ልል ሆኖ ሳለ አዲስ ዲስክ የገጠመ ሰው አዲሱን ዲስክ ለዚያው አሮጌ ምክንያት ነው ያስረከበው።

ኩሽኔታው ከተስተካከለ በኋላ ተራው የዲስኩ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ምርመራ ብዙ ገንዘብ ታድናለች። መካኒኩ የባለ መርፌ ሰዓት መለኪያውን መነሻ በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስሮ ጫፉን ከዲስኩ ጠርዝ ትንሽ ገባ አድርጎ ያሳርፋል፤ ዲስኩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መርፌዋ የውዝዋዜውን መጠን ትናገራለች። ለላዳ የተፈቀደው ከ0.15 ሚሊሜትር አይበልጥም። መለኪያው በሌለበት ቦታ ቆራጥ መካኒክ ቀጭን ሽቦ ካሊፐሩ ላይ አስሮ ጫፉን ለዲስኩ እስኪጠጋ ያጎብጠዋል፤ ዲስኩ ሲዞር ክፍተቱ ከጠበበና ከሰፋ ውዝዋዜ አለ። ልኩን አይነግረውም፣ መኖሩንና የት እንዳለ ግን ያሳየዋል። ከዚያ ቦታው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ዲስኩ ወልቆ ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ፊት ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ የተጋገረ ዝገት ነው። በሞዞው ፊት በአንድ ወገን የተቀመጠ 0.05 ሚሊሜትር ዝገት ዲስኩን ያዘነብለዋል፤ ዲስኩ ከሞዞው ፊት በስፋት እጥፍ ስለሚሆን ውዝዋዜው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ያድጋል። ለዚህ መድኃኒቱ የብረት ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ሁለቱም ፊት ከጸዳ በኋላ ዲስኩ ቦታ ቀይሮ ይታሰርና እንደገና ይለካል፤ ውዝዋዜው ከዲስኩ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፣ በነበረበት ከቀረ የሞዞው ነው። የጎማ ብሎኖችም በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ እኩል ካልጠበቁ ዲስኩን ይጎትቱታል። ዛሬ በየጎማ ቤቱ በአየር መፍቻ አንዱን ብሎን እስከ ጥግ ጠብቆ ወደ ጎረቤቱ የመሄድ ልማድ ያለምንም ጥርጥር ከንዝረት ምንጮች አንዱ ነው።

ሦስተኛው የምርመራ ቦታ ካሊፐሩ ነው። በላዳ ካሊፐር ውስጥ አንዱ ፒስተን ዝጎ ቢጣበቅ ሌላው ብቻውን ዲስኩን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ አንዱ ሸራ ይበላል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የተበላውን ሸራ ጥሎ አዲስ ከመግጠም በፊት አራቱንም አሮጌ ሸራዎች መሬት ላይ ደርድሮ ማየት ራሱ ምርመራ ነው። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከሳሳ ወይም በአንድ ጫፉ በሰያፍ ከተበላ የትኛው ፒስተን እንዳልሠራ፣ የትኛው እንዳልተመለሰ ይነግራል። የፍሬን ጎማ ቱቦውም አርጅቶ ከውስጥ ሲዘጋ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ያሳልፋል እንጂ ቶሎ አይመልስም፤ ፔዳሉ ተለቆም ሸራው ዲስኩን ይዞ ይቀራል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ከላይ የተባለው የሸራ ማኅተም ይከተላል። ይህን ለማወቅ ከመንገድ እንደተመለሱ ሳይነኩ እጅን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አቅርቦ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ይበቃል። አንዱ ከሌላው ጎልቶ ከሞቀ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ጎማ ነው። ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ውስጡ ሊያብጥ እንደሚችል የሚያውቅ መካኒክ ዲስኩን ሁለት ጊዜ አያስቀይርም።

ንዝረቱን የሚፈጥር አንድ ነገር፣ የሚያጎላው ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን መለየት የምርመራው ረቂቅ ክፍል ነው፤ አሮጌ መኪና ከአዲስ መኪና የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የፊት እግሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ጎሚኒዎች ደህና ሲሆኑ ትንሽ ምት ውጠው ያስቀሩታል። ሲደርቁና ሲሰነጠቁ እግሩ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። የዚያ እንቅስቃሴ የተፈጥሮ ምት በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ባለው አካባቢ ስለሚወድቅና የጎማው ዙርም በ60ና በ100 ኪሎ ሜትር መካከል በዚያው አካባቢ ስለሚገኝ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ ይፋፋማል። አንዲት መኪና በ80 ስትንቀጠቀጥ በ40 ጸጥ የምትለው በዚህ ነው። የመሪ ዘንግ ጫፎችና የመሪው አጋዥ ክንድ ልል ሲሆኑ ደግሞ ምቱ ሳይቀንስ እጅ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በአዲስ መኪና ማንም የማያስተውለው 0.02 ሚሊሜትር የውፍረት ልዩነት በአሮጌዋ ላይ ሾፌሩን ያስደነግጠዋል። ይህ ወደ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ያመራል። አንዱ ጎሚኒውን ትቶ ዲስኩን ደጋግሞ መቀየር ነው። ሌላው ጎሚኒውን ቀይሮ ንዝረቱ ሲቀንስ ዲስኩን ረስቶ መሄድ ነው፤ ምንጩ እንዳለ ነውና ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። ልምድ ያለው መካኒክ ሁለቱንም ለባለቤቱ ለይቶ ይነግራል፤ የትኛው አምጪ እንደሆነ፣ የትኛው አጉዪ።

የሀገራችን መልክዐ ምድርም በምርመራው ውስጥ ድርሻ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን የተጫነች መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ ወደ 13 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት መጥፋት አለበት፤ ይህም መኪናዋን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደች 70 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወርዶ ሥራውን ለሞተሩ ያካፈለ ሾፌር ዲስኩን ያድነዋል። ማርሹን ቀላል አድርጎ ፔዳሉን ረግጦ የወረደ፣ ታች ደርሶም ፔዳሉን እንደረገጠ የቆመ ሰው ግን ዲስኩ ላይ ማኅተም አትሞ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከእንጦጦ ቁልቁለት ወይም ከጣርማ በር የተመለሰች መኪና መሪዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ‹‹የት ነበርክ? እንዴት ወረድክ?›› የሚለው ጥያቄ ከመፍቻ በፊት የሚመጣው። ነባር ሾፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለውን ደንብ ይዘው የሄዱት ለሞተሩ አዝነው አልነበረም፤ ፍሬን አንዴ ከልክ በላይ ሲግል ሕይወትም ዲስክም እንደማይመለስ ስላወቁ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው መቃወሚያ ብርቱ ነው። ‹‹ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን ስናስተካክል መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ታዲያ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑ በዚህ አልተረጋገጠም?›› ይባላል። መንቀጥቀጡ መጥፋቱ እውነት ነው። የሚያረጋግጠው ግን የውፍረት ልዩነት እንደነበረ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አያረጋግጥም። ቶርኖው የሸራ ማኅተምን፣ በመሻሸት የሳሳን ቦታና እውነተኛ መጣመምን ሳይለይ ሁሉንም እኩል ይላጫል። ሞዞው ላይ ያለው ዝገት፣ የላላው ኩሽኔታ ወይም የተጣበቀው ፒስተን ግን ቶርኖ ቤት አልሄደም፤ ጋራዡ ውስጥ ቀርቷል። ዲስኩ ተመልሶ እዚያው ላይ ሲታሰር ውዝዋዜው በመጀመሪያው ቀን አይሰማም፤ እየተሻሸ ውፍረቱን እስኪያዛባ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይወስዳል። በመካከሉ ያለው የሰላም ጊዜ ነው ሰውን የሚያታልለው። በሽታው ሲመለስ ‹‹ዲስኩ ጥራት የለውም›› ይባልና ሌላ ዲስክ ይገዛል። የመለዋወጫ ጥራት መጉደል እርግጥ አለ፤ ነገር ግን ሁለት ዲስክ በአንድ ጎማ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ከተበላሹ ተጠርጣሪው የማይቀየረው ነገር መሆኑን መገመት ፍትሐዊ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የኑሮ ነው። ባለታክሲ መኪናው ጋራዥ በዋለች ቁጥር የዕለት ገቢው ይቀራል፤ መለካትና ማጽዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ዲስክ መቀየር ግን ቶሎ ያልቃል። ይህን መቃወሚያ ቀላል አድርጎ ማየት ነውር ነው። ሆኖም ሒሳቡ የሚሠራው በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመት ነው። ሞዞን ማጽዳት፣ ኩሽኔታን ማስተካከልና ዲስክን መለካት ልምድ ላለው እጅ የግማሽ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ሳይለካ የተቀየረ ዲስክ ግን መኪናዋን ደግሞ ደጋግሞ ጋራዥ ያስገባታል፤ በየጊዜው ዲስክና ሸራ ያስከፍላል። የላዳ ዘመን መካኒክ ለምን ይለካ እንደነበርም ከዚህ ይገባናል። የውጭ ምንዛሪ ጠብቦ ዕቃው በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ ያለውን ዲስክ ማትረፍ ግዴታ ነበር፤ ለማትረፍ ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕቃ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ እንደልብ ሲገኝ ያ ግዴታ ላላ፤ ጥያቄውም አብሮ ላላ። ዕቃ መገኘቱ በጎ ነገር ነው፤ ጥያቄውን መተካቱ ግን በጎ አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ‹‹ይህ ሁሉ ያለፈን ዘመን ማሳመር ነው›› ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ያለፈውን ዘመን ጉድለት ሸፍኖ መከራከር አይቻልም። በዚያ ዘመን ብዙ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ታምቡር ሲከፈት ዱቄቱን በአፍ ወይም በአየር መንፋት የተለመደ ነበር፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። እጥረቱም ሁልጊዜ ጥበብን አልወለደም፤ ከ9 ሚሊሜትር በታች ወርዶ መጣል ያለበት ዲስክ እንደገና ተልጦ የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ ይህ ቁጠባ ሳይሆን አደጋ ነው። ከሁሉም በላይ ዕውቀቱ አልተጻፈም። ከጌታው ወደ ተለማማጁ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ ኖሮ ጌታው ሲያርፍ ብዙው አብሮት ሄደ። ስለዚህ የምንፈልገው የዚያን ዘመን ጋራዥ እንዳለ መመለስ አይደለም። ከውስጡ አንዱን ነገር፣ ከመቀየር በፊት መጠየቅንና መለካትን ለይቶ ማውጣት ነው፤ የቀረውን ከነዱቄቱ መተው ነው።

የመጨረሻው መቃወሚያ ‹‹ጊዜው አልፏል›› የሚለው ነው። የአዲሶቹ መኪኖች የፊት ኩሽኔታ ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ የሚስተካከል ዳዶ የለውም። ላዳም ከመንገድ እየወጣች ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቀድመው የገቡት ዲኤክሶች፣ ቮልሶችና ሌሎች አሮጌ መኪኖች በባለቤቶቻቸው እጅ ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉ ማለት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ኩሽኔታቸው በእጅ የሚስተካከል ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የሚተኳቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት በብዛት በሞተራቸው ስለሆነ ዲስካቸው ከመበላት ይልቅ ዝገት ይይዘዋል። ሳይነካ ቆይቶ ያለ እኩልነት የዛገ ዲስክ ድንገት ሲያዝ ያንኑ ንዝረት ያመጣል። ዲስክ የሚቀመጥበት ፊትም ታሸገ አልታሸገ ይዝጋል፤ ብሎንም እኩል ካልጠበቀ ይጎትታል። የመኪናው ዓይነት ተለውጧል፤ የምርመራው ቅደም ተከተል ግን አልተለወጠም።

ስለዚህ የምናስታውሰው ላዳን ብቻ አይሁን። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ተማሪን ዲስክ መቀየር ከማስተማራቸው በፊት ውዝዋዜና ውፍረት መለካት ያስተምሩት፤ የነባር መካኒኮችን የምርመራ ዘዴም ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጻፉት። ጋራዦች የለኩትን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ያስፍሩ፤ ቁጥር የተጻፈበት ሥራ ሲመለስ ምን እንደተለወጠ ያሳያል። ባለመኪናዎችም መሪያችሁ ፍሬን ሲያዝ ከተንቀጠቀጠ ‹‹ዲስክ ስንት ነው?›› ብላችሁ አትጀምሩ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በምን ፍጥነት፣ ከየትኛው ቁልቁለት በኋላ እንደጀመረ ተናገሩ፤ ሞዞው እንዲጸዳና እንዲለካ ጠይቁ፤ የወጡትን አሮጌ ሸራዎች ሳይጣሉ እዩ። ዲስኩን ምን እንዳበላሸው ካልተነገራችሁ አዲሱን ለመግጠም አትስማሙ።